«ሞራ አይደለም» ከተባልን በኋላስ? ለደሴ፣ ለኮምቦልቻ እና ለደቡብ ወሎ የጤና ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያ፣
ለደሴ እና ለኮምቦልቻ ከተሞች የጤና ኃላፊዎች፣
በአካባቢያችን ለምትገኙ የሆስፒታልና የጤና ጣቢያ ሥራ አስኪያጆች፣
እንዲሁም ግፊትና ስኳር ላለባችሁ ወገኖቼ በሙሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በዓይን ጀርባ ያለ ደም መላሽ ሥር ሲዘጋ ስለሚመጣው ሕመም ልጽፍላችሁ ነው። ትራኮማን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሞራንም እናውቀዋለን። ግላኮማ፣ ብዙ ጊዜ የዓይን ውስጥ ግፊት ሲጨምር የሚመጣው ሕመም፣ ስሙ እንኳ አሁን አሁን ሰፈር ውስጥ ይሰማል። ይሄኛው ግን በእኛ ዘንድ ስም አልወጣለትም። ስለዚህ የያዘው ሰው «ሞራ ነው» ብሎ ይጠብቃል። እየጠበቀ ዓይኑ ይሄዳል።

የምጠይቃችሁን ከመጀመሪያው ልናገር። ዓይኑ ደብዝዞበት መጥቶ «ሞራ አይደለም» ተብሎ የሚሸኝ ሰው፣ ታዲያ ምን ሊሆን እንደሚችልና ነገ የት መሄድ እንዳለበት ይነገረው። የግፊትና የስኳር ክትትል ላይ ያለ ሰው ዓይኑ ይታይለት። ለዚህ ሕመም የሚሰጠው መርፌ ደግሞ እዚሁ ወሎ ውስጥ ሳይቆራረጥ ይገኝ። ሦስቱም የተያያዙ ናቸው። አንዱ ቢጎድል ሌላው ብዙ አይጠቅምም።

ሐኪም አይደለሁም። የታማሚ ልጅ ነኝ። አባቴ በዚህ ሕመም አንድ ዓይኑን ካጣ በኋላ የዓይን ሐኪሞችን እየጠየቅሁ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብሁ የተማርሁትን ነው የማካፍላችሁ።

ሬቲና የሚባለው በዓይናችን ውስጥ ከኋላ በኩል የተነጠፈ ስስ ሽፋን ነው። የምናየውን ብርሃን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚያስተላልፈው እሱ ነው። እንደማንኛውም የሰውነት ክፍል ደም ያስፈልገዋል። ደም ቅዳው ያስገባለታል፣ ደም መልሱ ያስወጣለታል። የመመለሻው ሥር ሲዘጋ የገባው ደም መውጫ ያጣል። ክረምት ላይ ደሴ ውስጥ ቦይ ሲደፈን የሚሆነውን አስቡት። ዝናቡ አይቆምም፣ ውሃው መሄጃ ያጣል፣ መጨረሻ ላይ ሰው ግቢ ይገባል። ዓይን ውስጥም ደሙና ፈሳሹ ከሥሩ እየሾለከ ሬቲናው ላይ ይፈስሳል።

በሬቲናው መሐል ማኩላ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። የሰው ፊት የምንለየው፣ የምናነበው፣ በመርፌ ክር የምናስገባው በእሷ ነው። ፈሳሹ እዚያ ከደረሰ ታብጣለች። በዚህ ሕመም ዓይን የሚደበዝዘው በአብዛኛው በዚህ እብጠት የተነሳ ነው።

አንዳንድ ሰው ላይ የሚዘጋው ዋናው ሥር ነው። ያን ጊዜ መላው ሬቲና ይጎዳል። ብዙ ሰው ላይ ግን የሚዘጋው ከዋናው የወጣ አንድ ቅርንጫፍ ነው። ይሄኛው ቀለል ይላል፤ የሚጎዳው ቅርንጫፉ የሚያገለግለው ክፍል ብቻ ነው። ግፊት ከዚህ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ልንገራችሁ። ዓይን ውስጥ ደም ቅዳና ደም መልስ እየተሻገሩ የሚያልፉባቸው ቦታዎች አሉ። በዚያ መሻገሪያ ላይ ሁለቱ በአንድ ሽፋን ተጠቅልለው ነው የሚያልፉት። ለዓመታት በግፊት የተመታ ደም ቅዳ ግድግዳው ይወፍራል፣ ይደድራል። ከበታቹ ያለውን ስስ ደም መልስ ይጫነዋል። እዚያ ቦታ ደሙ ይረጋል፣ ሥሩ ይዘጋል። ስኳር፣ የደም ቅባት፣ ሲጋራና ዕድሜ ነገሩን ያብሱታል። ግላኮማ ያለበት ሰው ደግሞ ዋናው ሥር የመዘጋቱ ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ይላል።

ብርቅ በሽታ እንዳይመስላችሁ። በሬቲና የደም ሥሮች ላይ ከሚመጡ ሕመሞች መካከል ስኳር ከሚያመጣው ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ይሄ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 28 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ይህ ሕመም እንደነበረባቸው ተገምቷል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 89 ከሆኑ 1,000 ሰዎች መካከል ወደ 8 የሚሆኑት ማለት ነው።

ተንኮሉ አለማመሙ ላይ ነው። አይቆጠቁጥም፣ አይቀላም፣ እንባ አያመጣም። ብዙ ጊዜ የሚይዘው አንድ ዓይን ስለሆነ ሌላው ይሸፍንለታል። ሰውዬው መንገድ ይሄዳል፣ ገበያ ይወጣል፣ ምንም አይመስለውም። ብዙዎች ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ ነው የሚያስተውሉት።

አባቴ ያስተዋለው ለሱብሒ ውዱእ ሲያደርግ ነው። አንዱን ዓይኑን ሲያብስ በሌላኛው የሚያየው ነገር ደብዛዛ ሆነበት። ዕድሜውን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የጨረሰ ጡረተኛ ነው። ግፊት አለበት። ክኒኑን ይወስድ የነበረው ግን ራሱን ሲያመው ብቻ ነው። «ራሴን ካላመመኝ ግፊቴ ደህና ነው» የሚል ሰው በየቤታችን አለ፤ እሱም ከነሱ አንዱ ነበር።

ቡና ላይ ጉዳዩ ተነሳ። ያልመከረ ሰው አልነበረም። «ሞራ ነው፣ ይብሰልና ይወጣልሃል» አሉት። ምክሩ ከክፋት አልመጣም። የአገራችን ሰው ሞራ ወጥቶላቸው ብርሃናቸው የተመለሰላቸውን እናቶችና አባቶች በዓይኑ አይቷል። እኔም የሞራ ዘመቻ የሚያደርጉትን ሁሉ አመሰግናለሁ። በአንድ ቀን ዓይነ ስውርነትን ከሰው ላይ ማንሳት ትልቅ ነገር ነው። አባቴም ዘመቻውን ጠበቀ። ተራው ደርሶ አዩት። «አባባ፣ የእርስዎ ሞራ አይደለም» አሉት። ቀጣዩ ሰው ተጠራ።

አባቴ ደስ ብሎት ወደ ቤት መጣ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሞራ አይደለም አሉኝ» አለን። ጎረቤቱም «አብሽር!» አለው። ቀዶ ጥገና ቀረለት ብለን ሁላችንም ተደሰትን። ሞራ ካልሆነ ምን ሊሆን እንደሚችል የነገረው አልነበረም። ሪፈር ወረቀት አልተጻፈለትም። ከተወሰኑ ወራት በኋላ ሌሊት ላይ ዓይኑ ቀላ፣ ራሱን ፈለጠው፣ አስመለሰው። ሪፈር ተብሎ ሐኪም ጋ ሲደርስ ዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። ሥሩ ቀደም ብሎ የተዘጋ መሆኑን፣ ያ ዓይን ከዚያ በኋላ እንደማይመለስ የሰማነው ያን ቀን ነው።

የሆነው ይሄ ነው። ደም በደንብ ያልደረሰው ሬቲና ቬጂኤፍ የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ይለቃል። ይህ ንጥረ ነገር ሥሮች ፈሳሽ እንዲያሾልኩ ያደርጋል። አዳዲስ ሥሮችም እንዲበቅሉ ይገፋፋል። አዳዲሶቹ ሥሮች ደካማ ናቸው። አንዳንዴ ይደሙና ዓይንን በደም ይሞላሉ። አንዳንዴ ከፊት በኩል፣ በዓይን ብሌን ዙሪያ ይበቅሉና የዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበትን መንገድ ይዘጋሉ። ያን ጊዜ የሚመጣው ክፉ ግላኮማ ነው። ሐኪሞች «የ100 ቀን ግላኮማ» ይሉታል። ሥሩ ከተዘጋ 3 ወር ገደማ ሲሆነው ብቅ የሚል ስለሆነ ነው። ይሄ የሚመጣው በተለይ ዋናው ሥር ክፉኛ ተዘግቶ ደም በጣም ሲያጥር ነው። ሁሉም ሰው ላይ አይመጣም። ግን በእነዚያ ወራት ክትትል ላይ ያለ ሰው አዲሶቹ ሥሮች ገና ብቅ ሲሉ ይታዩበታል፤ በጨረር፣ ማለትም በሌዘር፣ ሊገቱለት ይችላሉ። ቤቱ ተቀምጦ ሞራው እስኪበስል የሚጠብቅ ሰው ይህን ዕድል ያጣል።

ስለዚህ በዘመቻ ላይ ለተሰማራችሁ ባለሙያዎች የምለው ይሄ ነው። ሰልፉን አይቻለሁ። ድካማችሁንም አይቻለሁ። ለአንድ ሰው ረጅም ማብራሪያ የመስጠት ጊዜ እንደሌላችሁ ይገባኛል። ትንሽ ወረቀት ግን ይበቃል። «የእርስዎ ዓይን የደበዘዘው በሞራ አይደለም። የዓይን ጀርባ ምርመራ ያስፈልግዎታል። በዚህ ሳምንት ውስጥ እዚህ ቦታ ይሂዱ።» ከሥሩ የቦታው ስም ይጻፍ። የታማሚው ስልክ ቁጥር ይመዝገብ። ባይሄድ የሚደውልለት ሰው ይኑር። አባቴ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢሰጠው ኖሮ ደረቱ ኪስ ውስጥ ከቶ በነጋታው ይሄድ ነበር። ወረቀት የሚያከብር ሰው ነው።

አሁን ወደ መርፌው ልምጣ። የተዘጋውን ሥር መልሶ የሚከፍት ሕክምና የለም። መርፌው የሚሠራው ቬጂኤፍን በማስቆም ነው። እብጠቱ ይቀንሳል፣ ማኩላዋ ትረጋጋለች፣ ብዙ ሰው ላይ እይታ ይሻሻላል። «ዓይን ላይ መርፌ» ሲባል ሰው እንደሚደነግጥ አውቃለሁ። አክስቴ ስትሰማ ጆሮዋን ነው የያዘችው። እውነቱ ግን የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። ዓይኑ በጠብታ ይደነዝዛል። በአዮዲን ይጸዳል። ቆቡ እንዳይከደን የሚይዝ ትንሽ መሣሪያ ይደረጋል። ከዚያ በነጩ በኩል፣ ከጥቁሩ ዳር ወደ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በጣም ቀጭን በሆነ መርፌ ይሰጣል። መወጋቱ ራሱ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ሰውዬው የዚያኑ ቀን ቤቱ ይገባል።

በቀጣዮቹ ቀናት ግን ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ዓይኑ ከቀላ ወይም እይታው ከቀነሰ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ነገ ሳይባል መመለስ ያስፈልጋል። ይህን ለታማሚው ብቻ ሳይሆን አብሮት ለመጣውም ንገሩ። በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ያጋጠመው ሰው ደግሞ ከመወጋቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።

ከሁሉም የከበደው መመላለሱ ነው። አንድ መርፌ አይበቃም። በመጀመሪያዎቹ ወራት በአብዛኛው በየወሩ ነው የሚሰጠው። ከዚያ በኋላ እንደ ሁኔታው እየተራራቀ ይሄዳል። የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ እብጠቱ ሊመለስ ይችላልና ክትትሉ በዓመታት ሊቆጠር ይችላል። እንግዲህ አስቡት። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ የተነሳ ሽማግሌ፣ አንድ ዓይኑ ደብዝዞ፣ ልጁን ተደግፎ ጣርማበርን አቋርጦ በየወሩ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይመላለስ? ትራንስፖርቱ አለ፣ አልጋው አለ፣ አብሮት የሚሄደው ልጅ ከሥራ የሚቀርበት ቀን አለ። ከወረኢሉ ወይም ከባቲ ለሚነሳ ሰውማ ደሴ መድረሱ ራሱ አንድ ጉዞ ነው። ሰዎች ሕክምናውን የሚያቋርጡት ዓይናቸውን ስለማይወዱ አይደለም። አቅም ያልቅባቸዋል።

መዘግየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳይ ጥናት አለ። ክሩዝ ይባላል። ዋናው ሥር የተዘጋባቸው 392 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከሦስት ሁለት እጅ የሚሆኑት ራኒቢዙማብ የተባለውን መርፌ፣ ከፊሎቹ በሙሉ መጠን ከፊሎቹ በአነስተኛ መጠን፣ ከመጀመሪያው ጀምረው በየወሩ ወሰዱ። ሌሎቹ ለ6 ወር መርፌ የመሰለ ነገር ተደረገላቸው እንጂ መድኃኒቱን አልወሰዱም፤ ከዚያ በኋላ ለእነሱም ተፈቀደ። ዓመት ሲሞላ ከመጀመሪያው ሙሉውን መጠን የወሰዱት በፊደል ሰሌዳው ላይ በአማካይ ወደ 14 የሚጠጉ ፊደላት ጨምረው አነበቡ። የዘገዩት የጨመሩት 7 ገደማ ነው። መድኃኒቱ ያው ነው። 6 ወር በመዘግየታቸው ብቻ የማሻሻያው ግማሽ ቀረባቸው። ይህን ቁጥር ሳነብ ስለ አባቴ ብቻ አልነበረም ያሰብሁት። ዛሬ ጠዋት ሐይቅ ወይም ኩታበር አንዱ ዓይኗ ደብዝዞባት ተነስታ፣ «እስኪበስል ልጠብቅ» ያለች እናት ትኖራለች።

መድኃኒቱ ውድ ነው የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። እውነት ነው፤ ራኒቢዙማብም፣ አፍሊበርሴፕት የሚባለው ሌላው መርፌም ውድ ናቸው። ቤቫሲዙማብ ግን አለ። ብዙዎቻችሁ አቫስቲን በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ለካንሰር የተሠራ መድኃኒት ነው። የዓይን ሐኪሞች ለዓይን መጠቀም ከጀመሩ ቆይተዋል። ዋጋው ከሁለቱ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ በአብዛኛው ዋናው ሥር የተዘጋባቸው 362 ሰዎች በቤቫሲዙማብና በአፍሊበርሴፕት ለ6 ወር ታክመው ታይተዋል። ሁለቱም ቡድኖች በአማካይ ወደ 19 የሚጠጉ ፊደላት ጨምረው አነበቡ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓይን አገልግሎት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ ቅንጦት እየጠየቅን አይደለም።

አንድ የሚጠይቀው ጥንቃቄ አለ፤ እሱንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ለካንሰር የሚመጣው ትንሹ ጠርሙስ 4 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ለአንድ ዓይን የሚያስፈልገው 0.05 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ሰው የሚበቃው ለዚህ ነው፤ የሚረክሰውም ለዚህ ነው። አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው። ሲከፋፈል ንጽሕናው ካልተጠበቀ ጀርም ገብቶ በአንድ ቀን የብዙ ሰው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። እናም ከመድኃኒቱ ጋር ሌላም ነገር እንለምናችኋለን። መድኃኒት የሚከፋፍልበት ንጹሕ ክፍል፣ በዚያ የሠለጠነ የፋርማሲ ባለሙያ፣ መብራት ሲጠፋ የማይሞቅ ማቀዝቀዣ። የማኩላን እብጠት የሚለካው ኦሲቲ የሚባል መሣሪያም ያስፈልጋል። ሐኪሙ መርፌውን መቼ መድገም፣ መቼ ማራራቅ እንዳለበት በደንብ የሚያየው በእሱ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የጤና ተቋሞቻችን እንደተዘረፉና እንደተጎዱ አልረሳንም። ከባዶ የተነሳችሁ አላችሁ። ለዚህም ክብር አለን። ግን መልሶ ግንባታ ሲታሰብ ዓይን ወደ ኋላ እንዳይቀር አደራ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከሩቅ ወረዳ ሳይቀር ሰው ዓይኑን ሊታከም የሚመጣበት ስም ነው። ደሴ ላይ ሪፈራል ሆስፒታል አለን። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን ያስተምራል። ሦስቱ ተነጋግረው የሬቲና አገልግሎት አንድ ቦታ ላይ ጠንክሮ እንዲቆም ቢያደርጉ፣ በየቦታው በትንሽ በትንሹ ከመበተን ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑም ምርመራውንና መርፌውን በግልጽ ያካትት። በየወሩ ከኪስ የሚከፈል ሕክምና ለአብዛኛው ሰው የሌለ ያህል ነው።

ሌዘርና ስቴሮይድም እንዳሉ ላንሳ። ሌዘር ቅርንጫፍ ሥር ለተዘጋባቸው ከድሮ ጀምሮ ይሠራበታል። ለአዳዲሶቹ ሥሮች ደግሞ ዛሬም ዋናው መሣሪያ ነው። ዓይን ውስጥ የሚሰጥ ስቴሮይድ እብጠቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ ሞራም ሊያመጣ ይችላል። የትኛው ለማን እንደሚሆን የሐኪሙ ፍርድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ግፊቱ አለ። በየጤና ጣቢያው የግፊት ክትትል ክፍል አለ። ክንድ ይለካል፣ ቁጥሩ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ ክኒን ይታዘዛል። «ዓይንዎስ እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ እዚያ ላይ ቢጨመር ምን ይከብዳል? አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍኖ ግድግዳ ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ ማስነበብ፣ ከዚያ ሌላውን። ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ልዩነት ከታየ ሪፈር ይጻፍ። ሥሩ የተዘጋበት ሰው ዓይን ሐኪም ጋ ደርሶ ሲመለስም፣ ግፊቱና ስኳሩ፣ የደም ቅባቱም በደንብ ይታይለት። ዓይን ላይ ሥር የዘጋው ነገር ልብንና አንጎልንም አይምርም። ወጣት ሰው ላይ፣ ግፊትም ስኳርም ሳይኖርበት ከመጣ ደግሞ ደም የማርጋት ችግር እንዳለ መመርመር ይገባል። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ክሊኒክ አላቸው። በዓመት አንድ ቀን የሠራተኛውን ሁሉ ግፊት ይለኩ።

ለእናንተ ለወገኖቼ ደግሞ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አንድ ዓይናችሁን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር እዩ። ከዚያ ሌላውን ሸፍኑ። የእናትና የአባታችሁንም እንዲሁ አድርጉ። አንዱ ዓይን በድንገት ደብዝዞ ከሆነ፣ ወይም ከላይ ወይም ከታች በኩል የተጋረደ ከመሰለ፣ ካርድ ክፍል ላይ «ዓይኔን ያመኛል» ብቻ አትበሉ። «አንድ ዓይኔ ሳያመኝ በድንገት ደበዘዘ፣ ግፊት አለብኝ» በሉ። ሞራ ቀስ እያለ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። በድንገት የደበዘዘ ዓይን አስቸኳይ ነው። መነጽር አይመልሰውም። ከፋርማሲ በግምት የተገዛ ጠብታም አይመልሰውም። አስፒሪን ሥሩን አይከፍትም። ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ መጨመር ደግሞ ሌላ ጉዳት ያመጣል።

ግፊቱ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚቆይ ሰው ክኒኑን ያመመው ቀን ብቻ አይውሰድ። ጸበል የምትጠመቁ ተጠመቁ፣ ዱዓ የምታስደርጉ አስደርጉ፤ እምነታችን የእኛው ነው። ክኒኑን ግን አታቋርጡ። ረመዳን ሲመጣ ሰዓቱን ወደ ሱሁርና ወደ ኢፍጣር ስለማዛወር ሐኪማችሁን አማክሩ። ጨው ቀንሱ። ሲጋራ ተዉ። ጫት ግፊትን እንደሚያንር ማንም ይወቀው፤ በረጫ በሚደምቅበት አገር ይህን መናገር እንደማይወደድ አውቃለሁ፣ ግን እውነት ነው።

አባቴ አሁን የቀረውን ዓይኑን ይዞ ክትትል ላይ ነው። ክኒኑን በሰዓቱ ይውጣል። አንዱ ዓይን ላይ የመጣ ነገር ሌላው ላይም ሊመጣ ስለሚችል ከዚህ በኋላ አይዘናጋም።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ መልሳችሁን በደብዳቤ አልጠብቅም። የዓይን ጀርባ ምርመራ የሚደረግበት ቦታ የቱ ነው? የሬቲና ሐኪም የሚገኘው በየትኛው ቀን ነው? መርፌው መኖሩ የሚጠየቀው በየትኛው ስልክ ነው? ይህን በትልቁ ጽፋችሁ በየጤና ጣቢያው በር፣ በየግፊት ክፍሉና በየካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ለጥፉልን። ከሚቀጥለው የሞራ ዘመቻ በፊት ቢሆን ደግሞ ሰልፍ ላይ ለሚቆሙት ሁሉ ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ታማሚ ልጅ፣ ከኮምቦልቻ